የቅጥቅጡ ፊርማ



በ2011 ዓ.ም. የቁንዝላው አጎቴ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ተበድረው ከአዲስ አበባ አንድ ቅጥቅጥ ገዙ። ቅጥቅጥ እንደምታውቁት በኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ጋራዥ የተሳፋሪ ቦዲ የተሠራለት አውቶቡስ ነው።

ፋይሉ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር በሊብሬው የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ተስማማ። ይሁን እንጂ ሻንሲው ከኋላ ጎማ ወዲያ በብየዳ መቀጠሉን ወረቀቱ አይናገርም ነበር። አጎቴም፣ «አንተ መሐንዲስ አይደለህም ወይ? ደኅና ነው ብለህ ፈርምልኝ» አሉኝ። አልፈረምሁም።

በብየዳ አጠገብ ያለ ብረት በሙቀቱ ጠባዩን ይለውጣል። ከኋላ አክስል ወዲያ የሚጨመር ጭነትም የፊቱን ጎማ ስለሚያቀልለው መሪው አልታዘዝ ይላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 የተሽከርካሪን መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአንድነት ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁጥር የመኪናን ማንነት እንጂ ጤንነት አይመሰክርም።

ብየዳው ተፍቆ ሲታይ ስንጥቅ ተገኘበት። እስኪታደስ ድረስ ቅጥቅጡ ሁለት ወር ቆመ፤ የብድሩ ወለድ ግን አልቆመም። አጎቴም አኮረፉኝ። በኋላ ታርቀው በመጀመሪያው ጉዞ የልጅ ልጆቻቸውን አሳፈሩበት።

አሳቤ አጭር ነው። ቦዲ ሠሪው የቆረጠውንና የበየደውን በሥዕል አሳይቶ ይፈርም፤ ሥዕሉም ከሊብሬው ጋር ከገዢ ወደ ገዢ፣ ከክልል ወደ ክልል ይሻገር። በጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚገዛ ሰው ሠሪውን በስሙ ያውቀዋል። ከሩቅ የሚመጣ ቅጥቅጥ ግን ሠሪውን አይነግረንም፤ ስለዚህ ፊርማው አብሮት ይምጣ።