ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስለ ማሻሻል፤ ከሁሉ በፊት ፍሬን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። መገኘት ላልቻሉ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበራችን ጥቂት ደቂቃ የፈቀዱልኝ ስለ ሞተር ሳይክል እንድናገር ነው። «በማኅበር ስብሰባ ላይ የዶቅዶቄ ወሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የሁላችን ነው። ከሠፈራችን ልጆች አምስቱ ያገለገለ ሞተር ገዝተው ለማሳደሻ ከማኅበሩ ሣጥን ብድር ጠይቀዋል። ማመልከቻቸውን ተቀብዬ ያነበብሁ እኔ ነኝ። አራቱ ገንዘቡን የሚፈልጉት ፍጥነቱን ለመጨመር፣ ማርሚታውን ለመለወጥና ቀለም ለማስቀባት ነው። ስለ ፍሬን የጻፈው አንዱ ብቻ ነው። ታዲያ እነዚህ ልጆች ከኋላቸው የሚያፈናጥጡት ማንን ነው? እኛኑ ነው። ገበያ የምትሄደውን እናት፣ ትምህርት ቤት የረፈደበትን ተማሪ፣ ሐኪም ቤት የሚደርሰውን በሽተኛ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ብዙ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሞተር ነድቻለሁ። የምናገረውም ከመካኒኮች የሰማሁትንና አብሮ ከሚመጣው መጽሐፍ ያየሁትን አገናዝቤ ነው።

የጋፋት ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እንደሚታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን እዚችው ጋፋት አስቀምጠው መድፍ አሠርተዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ 7 ቶን ያህል፣ ማለት 70 ኩንታል እንደሚመዝን ይነገራል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ይዘውት ተነሥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ከአምስት ወር በላይ መሆኑ ነው። መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ ነበር የሄዱት። በዚያ መንገድ ላይ የዥጣና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። ዳገቱን ለመጎተት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ቁልቁለቱን ግን ወደ ኋላ አጥብቆ የሚይዝ ከሌለ መድፉም ሰዉም ገደል ይገባል። ጉልበት ብቻውን አያደርስም፤ መያዣም ያስፈልጋል።

የእኛም መንገድ እንዲሁ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታ 1800 ሜትር ያህል ናት። በ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ 900 ሜትር ያህል እንወርዳለን ማለት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ሲነዳ 6 ሜትር ላይ ፍሬን ይዞ የሚቆም ሞተር፣ በ60 ሲነዳ 24 ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሬኑን ሳያበጅ ፍጥነት የሚጨምር ሰው ሞተሩን አሻሻለ አይባልም።

አንደኛ፤ ስለ ፍሬን።

እኛ ዘንድ የሚገኙት ያገለገሉ ሞተሮች፣ ያማሃ ኤጂ 100ም ሆነ ቦክሰር፣ አብዛኞቹ ከበሮ ፍሬን ያላቸው ናቸው። ከበሮው ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ፤ ሲያዝ ተከፍተው ከበሮውን ያሻሉ። ጎማው ወጥቶ ሸራው ይታይ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይለወጥ። ገና ወፍራም ሆኖ ገጹ እንደ መስታወት ካበራ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ዘይት ወይም ግሪስ የነካው ሸራ ግን በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፤ ይጣል። ብናኙን በአፍ አትንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ከበሮው ከውስጥ ተቦርቡሮ ከሆነ አዲስ ሸራ ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። በቶርኖ ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን የመጨረሻው ልክ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከከበሮው ላይ ተጽፏል። ከዚያ ካለፈ ይለወጥ።

የፊቱ ፍሬን ሽቦ ከተላላጠ ወይም ከዛገ አዲስ ይግባ። ይህ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ነው። ፍሬኑ ሲይዝ፣ ከከበሮው ላይ ያለው ክንድና የሚስበው ሽቦ እንደ ማዕዘን ቀጥ ብለው መገናኘት አለባቸው፤ ክንዱ ከዚያ አልፎ ከታጠፈ እጅ ቢጨብጥም ጉልበቱ አይደርስም። የኋላውን ፍሬን ሳህን ከሞተሩ ጋር የሚያስረውን ብረትም እዩ። ቡሎኑ ወልቆ በተራ ሽቦ የታሰረ ሞተር አይቻለሁ። እሱ ከተበጠሰ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ብዙ ልጆች «የፊት ፍሬን ይጥላል» እያሉ ያላሉታል፤ ጭራሽ የሚፈቱትም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። የሚጥለው ጎማው ተጠምዞ ሳለ ወይም በጭቃ ላይ በድንገት ሲያዝ ነው። በቀጥታ መንገድ ሁለቱንም ቀስ እያሉ ማጥበቅ ነው የሚገባ። ክረምት ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ ከበሮው ውኃ ይይዛል፤ ፍሬኑን ጥቂት ነካ አድርጋችሁ እየነዳችሁ አድርቁት።

ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ይቅር። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ራሱ ይይዛል፤ ሁሉን ለፍሬን ከተውንለት ሸራው ይግላል፣ ሲግልም መያዝ ያቆማል። ከቤንዚን ጋር ዘይት የሚያቃጥሉት እንደ ኤጂ 100 ያሉት ሞተሮች ደግሞ በማርሽ ብዙም አይይዙም። በተጨማሪም ነዳጅ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ለፒስተናቸው የሚደርሰው ዘይት ያንሳል። ስለዚህ እነሱን ስትነዱ አልፎ አልፎ ጥቂት ነዳጅ ስጡ፤ ፍሬናቸውንም ከሌላው የበለጠ ጠብቁ።

ሁለተኛ፤ ስለ አሞርዛተር።

አሞርዛተር ለመቀመጫ ምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስለው አለ። አይደለም። ጎማ ከመሬት ከተነሣ ፍሬን ምንም አያደርግም። ኮብልስቶን ላይ የሚዘልል ሞተር በሚዘልልበት ጊዜ ሁሉ ፍሬን የለውም ማለት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁት። አንድ ጊዜ ተመልሶ ከቆመ ደኅና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ዘይቱ አልቋል ወይም ቀጥኗል። ከቱቦው ላይ ዘይት ከታየ የጎማ ማኅተሙ ተበልቷል። ማኅተሙ ተለውጦ፣ ለአሞርዛተር የተሠራ ዘይት በግራም በቀኝም እኩል ይግባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታስገቡበት። የኋላው ካፈሰሰ በጥንድ ይለወጥ። ሰው ወይም ጭነት ሲኖር ደግሞ የኋላውን ሞላ ማጥበቂያ አንድ ሁለት ደረጃ ማጥበቅ ነው። ከሌላ ሞተር የመጣ ረጅም አሞርዛተር በብየዳ ማስገባት ግን አያስፈልግም፤ የፊቱንና የኋላውን ሚዛን ያፋልሳል።

ይህ በሚሠራበት ጊዜ የጎማውንና የመሪውን ኩሽኔታ አብሮ ማየት ነው። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ስታወዛውዙት ከተንቀጫቀጨ፣ ወይም መሪው መሃል ላይ ሲደርስ ከተያዘ፣ ይለወጥ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሞተሩ።

እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ ማናቸውም ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። የሞተሩ ጥፋት አይደለም። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ እንዳለ ስለሚገባ ግን ይጠግባል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ታዲያ ጉልበት ለመጨመር ብሎ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ማስፋት እዚህ አገር ተቃራኒውን ማድረግ ነው። መደረግ ያለበት አየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ካንዴላውን መለወጥ፣ ሚኒሞውን እዚሁ ደብረ ታቦር ማስተካከል ነው። ካስፈለገ ቀዳዳዋ በአንድ ደረጃ በጠበበች ትለወጥ። ነገር ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ይጠንቀቅ፤ እዚያ አየሩ ስለሚበዛ ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ሊቃጠል ይችላል። ሲወርድ የቀድሞዋን ይመልስ።

ማርሚታ መብሳት ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም። የሚያተርፈን ሌሊት ሕፃን መቀስቀስ ብቻ ነው። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳትም በበጋ አቧራ ሞተሩን ማስበላት ነው።

በመሆኑም ለጉባኤው የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. ለሞተር ሳይክል ማሳደሻ የሚሰጥ ብድር በመጀመሪያ ለፍሬን፣ ቀጥሎ ለአሞርዛተርና ለጎማ፣ በመጨረሻ ለሞተሩ ይዋል። ቀለም በራስ ኪስ ይሁን።

2. ብድሩ በሁለት ጊዜ ይሰጥ። ሁለተኛው የሚሰጠው ፍሬኑ መሠራቱ በደረሰኝ ከቀረበና ሞተሩ ሁለት የማኅበሩ አባሎችና አንድ መካኒክ ባሉበት በሜዳ ተፈትኖ ሳይጎትት ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ነው።

3. ተበዳሪው ለራሱም ለሚያፈናጥጠውም ሰው የራስ ቁር ይኑረው፤ መንጃ ፈቃዱን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ያሳይ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የምለው ብድሩን ለመከልከል አይደለም። እንዲያውም ሣጥኑ ለእናንተ እንዲከፈት ከሚፈልጉት አንዱ ነኝ። ሥራ ያስፈልጋችኋል፤ ሞተሩም ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ ማኅበር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ማኅበር ነው። ከዚያው ሣጥን የወጣ ገንዘብ ድንኳን የሚያስተክል እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኔም የእናንተም ግዴታ ነው።

ሐሳቡ በሚመጣው ወር ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ተቃውሞ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው አባል በጽሑፍ ያቅርብ፤ መጻፍ ያልቻለም መጥቶ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ