ጎመን ወይስ ብርቱካን? የጓሮና የገበያ ምግብ ንጽጽር



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ለመስክ ሥራ ዳባት ሳለሁ፣ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ጀምበር ስትጠልቅ ይደናበርብኛል» አለችኝ። ዳፍንት መሆኑን ጠርጥሬ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። በዚህ አልተሳሳትኩም። ነገር ግን፣ «ብርቱካንም ግዢለት» የሚል ምክር ጨመርኩላት። በኋላ ቤቷን ስጎበኝ፣ ለብርቱካኑ ብላ ዶሮዋን መሸጧን ሰማሁ። በጓሮዋ ግን ጎመን ለምልሞ ነበር።

ስለ ጎመን አንድም ቃል አለመናገሬ ከየት መጣ? ከልማዳችን ይመስለኛል። በሽተኛ ስንጠይቅ ብርቱካንና ሙዝ እንይዛለን እንጂ ጎመን አንይዝም። ክረምቱ ሲወጣም የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ እንመኛለን። ጎመን በአእምሯችን የችግር ጊዜ ማለፊያ ነው።

አሁን ሁለቱን እንደሚበሉበት ሁኔታ እናነጻጽር። ለጎመን የምጠቀመው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ስለ ኮላርድ የሚሰጠውን ቁጥር ነው፤ ኮላርድ የአበሻ ጎመን የቅርብ ዘመድ ነው። ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ 100 ግራም ጎመን 380 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ፣ 140 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም እና 18 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። 100 ግራም ብርቱካን በአንጻሩ 11 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ፣ 40 ሚሊግራም ካልሲየም እና 53 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው።

ስለዚህ ብርቱካን በቫይታሚን ሲ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። የዚያ ልጅ ችግር ግን የቫይታሚን ኤ እጥረት ነበር። በዕድሜው በቀን 400 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልገዋል። ይህን ከብርቱካን ብቻ ለማግኘት ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ መብላት ሊኖርበት ነው። ከጎመን ግን አንድ ጭልፋ ወይም ሁለት ይበቃዋል።

አሠራሩም ለውጥ ያመጣል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጎዳል፤ በውሃም ይሟሟል። ጎመኑን ቀቅለን ውሃውን ጨምቀን ስንደፋ አብሮ ይሄዳል። በጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ግን ቅቅሉን በደንብ ይቋቋማል፤ ሰውነት የሚቀበለው ግን ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። በጥቂት ውሃ ማብሰል፣ በፍስክ ቅቤ፣ በጾም የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ብልኅነት ነው። ካልሲየሙም ቢሆን ከቆስጣው ይልቅ ለሰውነት ይቀላል፤ በቆስጣ ውስጥ ካልሲየምን አስሮ የሚይዘው ኦክሳሌት ብዙ ነውና።

ዳፍንት የያዘው ልጅ በጎመን ብቻ ይታከም ማለቴ አይደለም፤ ሕክምናው በጤና ተቋም የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል ነው። ጎመኑ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ፣ እጥረቱ እንዳይመለስ ነው።

በደባርቅ ብርድ ብርቱካን አይበቅልም፤ ከሩቅ ተጭኖ፣ ዋጋው ከፍ ብሎ ይደርሳል። ጎመን ግን ብርዱን ይችላል። ነገ ለመስክ ሥራ ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ የምትወጡ ተማሪዎቼ፣ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት የቤቱን ጓሮ ተመልከቱ። እኔ ባለመመልከቴ አንዲት እናት ዶሮዋን አጥታለች።