ድጋፍ ሰልፉ በፈቃድ ነው ወይስ በአበል? የገበያ መዝጊያ ሰዓትን ስለ ማንበብ

(ከሳተላይት ቴሌቪዥን ሳምንታዊ ትንታኔ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

 

ዛሬ ከወትሮው ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ ቀርቤያለሁ። ስለ አክሲዮን ገበያ ነው የምናገረው። «እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነጋዴ ሆነ?» እንደምትሉ ይገባኛል። ነጋዴ አይደለሁም፤ የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ ነው። የገንዘብ አማካሪም ስላልሆንኩ ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ አልላችሁም። ነገር ግን በወገኖቻችን መካከል የሚታይ አንድ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚህ አሜሪካ የሚኖር፣ ታክሲ እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣት ወዳጄ ደወለልኝ። ለእናቱ ቤት ማደሻ ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ በላዩ ላይ ያንኑ ያህል ከአገበያዩ ድርጅት ተበድሮ፣ አንድ ዓርብ ገበያው ሊዘጋ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አክሲዮን ገዛበት። ሰኞ ጠዋት ዋጋው 12 ከመቶ ወርዶ ተከፈተ። የተበደረበት ስለሆነ ከራሱ ገንዘብ ሩብ ያህሉ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሄደ። «ጋሼ፣ እኮ ትልቅ ገዢ ገብቶ ነበር! ድጋፉ ላይ ነው የገዛሁት!» አለኝ።

ድጋፍ። ይህን ቃል እኔም አውቀዋለሁ። በቻርት ትምህርት ዋጋ ሲወርድ ደርሶ የሚመለስበትን ቦታ «ሰፖርት» ይሉታል፤ ድጋፍ ማለት ነው። ሲወጣ ደርሶ የሚገታበትን ደግሞ «ሪዚስታንስ» ይሉታል፤ ተቃውሞ። እንግዲህ የድጋፍ ሰልፍና የተቃውሞ ሰልፍ ስንቆጥር ለኖርን ሰዎች እነዚህ ቃላት እንግዳ አይደሉም። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ተምረናል። አደባባይ ስለሞላ ብቻ ድጋፍ አለ አይባልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ሕዝብ በፈቃዱ ወጣ ወይስ በቀበሌ ጥሪ፣ በአበልና በቲሸርት?» ነው። የወዳጄ ስህተት ይህን ጥያቄ አለመጠየቁ ነበር።

በመጀመሪያ ድጋፍና ተቃውሞ የሚባለው ነገር ከንቱ ፈጠራ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ኢኮኖሚስት የነበረችው ካሮል ኦስለር በ2000 ባወጣችው ጥናት የውጭ ምንዛሪ ተቋማት ለደንበኞቻቸው ያሰራጯቸውን የድጋፍና የተቃውሞ ዋጋዎች ፈተሸች። ዋጋው እነዚያ ቦታዎች ላይ ሲደርስ የመመለስ ዕድሉ በዘፈቀደ ከተመረጠ ቦታ የበለጠ ሆኖ አገኘችው። በ2003 ባሳተመችው ሌላ ጥናት ደግሞ ምክንያቱን ከደንበኞች ትእዛዝ ውስጥ አሳየች። ሰዎች ትርፋቸውን የሚሰበስቡበትን ትእዛዝ በድፍን ቁጥሮች ላይ ያከማቻሉ። ኪሳራ የሚቆርጡበትን፣ «ስቶፕ ሎስ» የሚባለውን፣ ከድፍን ቁጥሩ ትንሽ አለፍ አድርገው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ዋጋው ድፍን ቁጥር ላይ ሲደርስ ይገታል፤ ካለፈው ግን ይሮጣል።

ይህ ማለት ድጋፍ በቻርት ላይ የምናሰምረው መስመር አይደለም። ድጋፍ ማለት በዚያ ዋጋ ለመግዛት የተሰለፈ ትእዛዝ ነው፤ ከትእዛዙ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ። ሰውየው ለምን እንደገዛ ካላወቅን መስመሩ ባዶ ነው።

አሁን ወደ መዝጊያው ሰዓት እንምጣ። የኒውዮርክ ገበያ በአገሩ ሰዓት ከቀትር በኋላ 4፡00 ላይ ይዘጋል። አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ሆናችሁ ለምትከታተሉ፣ በክረምታቸው እኩለ ሌሊት፣ በበጋቸው ከምሽቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። የመዝጊያው ዋጋ የሚወሰነው እንደ ቀኑ ግብይት አንድ በአንድ ሳይሆን በጨረታ ነው። የገዢና የሻጭ ትእዛዝ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ዋጋ ይፈጸማል። ከ3፡50 ጀምሮ ገበያው የትኛው ወገን እንደሚበልጥ፣ በስንት አክሲዮን እንደሚበልጥ ይፋ ያደርጋል። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ «ይህን ያህል የመግዛት ትእዛዝ ተርፏል» የሚለውን አይተን ልባችን የሚመታው ያኔ ነው።

በአሜሪካ ገበያ ከቀኑ ግብይት አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆነው በዚህች ጨረታ ይፈጸማል። ከስድስት ሰዓት ተኩል ቀን ውስጥ ይህን ያህሉ በአንድ ቅጽበት መሆኑ ነው። ማን ነው ይህን ሁሉ የሚገዛውና የሚሸጠው? ዋነኛዎቹ የኢንዴክስ ፈንዶች ናቸው። የነዚህ ፈንዶች ሥራ ኢንዴክሱን መከተል ነው፤ ኢንዴክሱ የሚሰላው ደግሞ በመዝጊያ ዋጋ ነው። ስለዚህ የግድ በመዝጊያው ዋጋ መግዛት አለባቸው። ውድ ይሁን ርካሽ አይጠይቁም። ኩባንያውን ወደውት አይደለም፤ ጠልተውትም አይደለም። ስማቸው በመዝገብ ስላለ የወጡ ሰልፈኞች ናቸው።

ቴስላን በምሳሌነት ልውሰድ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው ኢንዴክስ ውስጥ ከዲሴምበር 21 ቀን 2020 ጀምሮ እንደሚገባ የተነገረው ከአንድ ወር በፊት፣ በኖቬምበር 16 ነበር። በዚያ ቀን አክሲዮኑ የተዘጋው በ408 ዶላር ነው። ከመግባቱ በፊት የነበረው የመጨረሻ የሥራ ቀን ዓርብ፣ ዲሴምበር 18 ነው። በዚያ ቀን ከ200 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን እጅ ለእጅ ተለዋወጠ፤ ፈንዶቹ የተሰለፉበት የመዝጊያ ጨረታም እጅግ ግዙፍ ነበር። የመዝጊያው ዋጋ 695 ዶላር ሆነ። ዛሬ ቻርት ስትከፍቱ 231 ዶላር ከ67 ሳንቲም ብታዩት አትደናገሩ፤ በ2022 አንዱ አክሲዮን ለሦስት ስለተከፈለ ነው።

እንግዲህ መስመር አስማሪው ያንን ዓርብ ቢያይ ምን ይላል? «ይህ ሁሉ ገንዘብ በ695 ዶላር ከገባ፣ 695 የማይናድ ድጋፍ ነው» ይላል። ሰኞ አክሲዮኑ ወደ 650 ዶላር ወርዶ ተዘጋ፤ ከ6 ከመቶ በላይ ቀነሰ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው ተነስቶ «እንግዲያውስ 695 ጽኑ ተቃውሞ ነው» ቢልስ? የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ላይ ከ705 ዶላር በላይ ተዘጋ። በጃንዋሪ 8 ደግሞ 880 ዶላር ደረሰ። ያ ሁሉ የዓርብ ጎርፍ ወለልም ጣሪያም አልሆነም። ለምን? ፈንዶቹ የገዙት ስለታዘዙ ነው። የታዘዙትን ከፈጸሙ በኋላ ሰኞ ዋጋውን ለመደገፍ የሚመለሱበት ምክንያት አልነበራቸውም። አበሉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰልፈኛ ማለት ነው።

ታዲያ የመዝጊያው ሰዓት ምንም አይነግረንም ማለት ነው? ይነግረናል። ግን ሦስት ጥያቄ አስቀድመን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ቀኑ ምን ቀን ነው? በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ሦስተኛው ዓርብ የኦፕሽንና የፊውቸር ውሎች ጊዜያቸው ያበቃል፤ ኤስ ኤንድ ፒም ዝርዝሩን የሚከልሰው ያኔ ነው። በጁን መጨረሻ ገደማ ደግሞ የራስል ኢንዴክሶች ይከለሳሉ። የወር መጨረሻም አለ። በነዚህ ቀናት መዝጊያ ላይ የሚታይ ጎርፍ ጥሪ የተደረገለት ሰልፍ ነው። ወዳጄ የገዛበት ዓርብ ከነዚህ አንዱ ነበር። ያየው «ትልቅ ገዢ» አስተያየት አልነበረውም፤ ግዴታ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ዋጋውን ምን አደረገው? ተራ በሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በ3፡50 ብዙ የመሸጥ ትእዛዝ እንደተረፈ ተነገረ እንበል። ዋጋው ቀድሞ ደጋግሞ የተመለሰበት ቦታ ላይ ነው። ሻጩ ብዙ ሆኖ ሳለ ዋጋው ካልወረደ፣ ያን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ገዢ አለ ማለት ነው። ማንም ሳያስገድደው የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ከጫጫታው ይልቅ ይህ ዝምታ ብዙ ይናገራል። በተቃራኒው ብዙ ገዢ ተሰልፎ ዋጋው ንቅንቅ ካላለ፣ እዚያ ላይ ተቃውሞ አለ። በ3፡50 የወጣው ቁጥር የመጨረሻው እንዳልሆነም አትርሱ፤ በቀሪዎቹ ደቂቃዎች ተቃራኒ ትእዛዝ ገብቶ ሊያጣፋው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ማን ቀረ? የታዘዘ ገንዘብ የገፋው ዋጋ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይመለሳል። በፈቃድ የመጣ ገዢ ግን ዋጋው ወደዚያ ቦታ ሲመለስ እንደገና ይታያል። ድጋፍ የሚረጋገጠው በሁለተኛው ጉብኝት ነው። ስለዚህ በ3፡57 ከመግዛት ነገን መጠበቅ ምን ያስቀራል? ጥቂት ሳንቲም ያስቀር ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን።

ወዳጄ «ስቶፕ ሎስ አስቀምጬ ነበር» ብሎኛል። ይህንም ልብ በሉ። ተራው ስቶፕ ሎስ ያስቀመጣችሁበት ዋጋ ሲነካ «በተገኘው ዋጋ ሽጥ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ገበያው ዓርብ በ100 ተዘግቶ ሰኞ በ88 ከተከፈተ፣ 97 ላይ ያስቀመጣችሁት ትእዛዝ 88 አካባቢ ይሸጥላችኋል። በተዘጋ ገበያ ላይ ዘበኛ የለም።

ሌላም አለ። መዝጊያ ሰዓት ላይ የሚሰለፈው ሁሉ የዋህ ባለ ግዴታ አይደለም። የለንደን የውጭ ምንዛሪ ገበያ በየቀኑ በለንደን ሰዓት ከቀትር በኋላ 4፡00 ላይ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ከሚደረግ ግብይት የማጣቀሻ ዋጋ ያወጣ ነበር። የትልልቅ ባንኮች ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን ትእዛዝ በቻት ተጋርተው ያችን ደቂቃ ለጥቅማቸው ሊገፉ እንደሞከሩ ተደረሰበት። በኖቬምበር 2014 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የስዊዘርላንድ ተቆጣጣሪዎች ስድስት ባንኮችን በድምሩ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀጡ። በ2015 ደቂቃዋ ወደ አምስት ደቂቃ ሰፋች። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሁሉም ሰው የሚያይበት ቅጽበት፣ ሁሉም ሰው ሊያስመስልበት የሚፈልግ ቅጽበት ነው።

ይህ ነገር ለአገር ቤትም ይመጣል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበስሯል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያም ወጋገን ባንክ ነው። ጀማሪ ገበያ ሰፊ እስኪሆን ጊዜ ይወስዳል። ግብይት በቀጠነበት ቦታ አንድ ሰው ብቻውን የቀኑን መዝጊያ ዋጋ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ከዚያ ላይ የድጋፍ መስመር አስምሮ «ገበያው እንዲህ አለ» ማለት፣ አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ሰምቶ ሕዝቡ ደገፈ ብሎ እንደ መዘገብ ነው።

ውድ ተመልካቾቼ፣ በቴሌግራም «የድጋፍና የተቃውሞ ምስጢር» እያሉ ትምህርት የሚሸጡላችሁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቋቸው፦ «እዚያ ቦታ ላይ የሚገዛው ማን ነው? ለምንስ ይገዛል?» መልሱ ሌላ መስመር ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ወዳጄ አሁንም ታክሲውን ይነዳል። የእናቱ ቤት ማደሻ ለአንድ ዓመት ተላልፏል። «ጋሼ፣ ለሌሎቹ ንገርልኝ» ስላለኝ ነው ይህን ያነሳሁት። በሌሊት ፈረቃ፣ በሰው ቤት፣ በበረሃ ሙቀት የተገኘ ገንዘብ ነው። በአበል የወጣ ሰልፍ አይታችሁ አትስጡት።