ስለ ተማሪ ልጆቻችን የአእምሮ ጤንነት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ማታ ማታ ተማሪዎችን ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታቸው አደርሳለሁ። የምናገረውም ስለ እነርሱ ነው።

ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደግሳለን። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ ክፍል መግባት ሲያቅተው ግን «ሰነፈ» እንላለን፤ ወይም ሰው እንዳይሰማ በር እንዘጋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1990 የወጡ ሁለት ሕጎች፣ የአእምሮ ሕመም ትምህርቱን ክፉኛ የሚያውክበትን ተማሪ እንደ አካል ጉዳተኛ ከአድልዎ ይጠብቁታል። ተማሪው ለዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ የሐኪም ማስረጃ ሲያቀርብ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍል ወይም የኮርስ ቅነሳ ሊፈቀድለት ይችላል። ለመምህሩ የሚደርሰው ደብዳቤም አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደለትን እንጂ የሕመሙን ስም አይገልጽም።

ነገር ግን ልብ በሉ! በሁለተኛ ደረጃ ችግር ያለበትን ተማሪ ፈልጎ የማግኘት ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ግን ጠያቂው ተማሪው ራሱ ነው። ፈቃዱም ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የወደቀበትን ፈተና አያስተካክልም። ስለዚህ ሳይረፍድ ይጠይቅ። ሕመሙ ከጸናበት ዝም ብሎ ቀርቶ «ኤፍ» ከሚሰጠው፣ የሕክምና ፈቃድ ጠይቆ ቢያርፍና ሲሻለው ቢመለስ ይሻላል። የገንዘብ እርዳታው ወይም ቪዛው እንዳይበላሽ ግን አስቀድሞ ያጣራ።

ወላጆች ሆይ! በ1974ቱ ሕግ መሠረት በትምህርት መዝገቡ ላይ መብቱ የተማሪው ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ለእኛ ላይነግረን ይችላል። የሚነግረን ልጃችን ነው፤ የሚነግረንም ካልተቆጣነው ነው። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምክር አገልግሎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ከ2022 ጀምሮ ቀንም ሌሊትም በ988 ይደወላል።

ወገኖቼ፣ ለለቅሶ ለመሰብሰብ ማንም አይቀድመንም። ለታመመ ተማሪም እንዲሁ እንሁን። ማኅበራችን ቢሮው ድረስ አብሮት የሚሄድ፣ ቅጹን አብሮት የሚሞላ ሰው ይመድብ። እኔ ከነመኪናዬ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ።