ጉንፋን በየት በር ይገባል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው የንግግሬ ርእስ ከማናችንም አፍንጫ የማይርቅ ነገር ነው። እኔ ባደግሁበት በሞላሌ፣ በመላው የመንዝ ደጋም፣ ሰው ሲያተኩሰውና ሲያስለው «ብርድ መታኝ» ይላል። ይህ አባባል የሚናቅ አይደለም፤ ብርዱና ሕመሙ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉና። ይሁን እንጂ ብርድ ብቻውን ኢንፍሉዌንዛን አይፈጥርም። የብርድ ሥራ ሰዉን በር አዘግቶ በአንድ እሳት ዙሪያ መሰብሰብ ነው፤ ቫይረሱም በቀዝቃዛና በደረቅ አየር ውስጥ ዕድሜው ይረዝማል። በሽታው የሚጀምረው ግን ቫይረሱ ከመተንፈሻ አካላችን ሕዋስ ውስጥ በገባ ጊዜ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እጅ የለው፣ እግር የለው፣ የራሱ ጉልበት የለው፤ ታዲያ የተዘጋውን ሕዋስ በምን ከፍቶ ይገባል?

ይህ ጥያቄ የላቦራቶሪ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን እንደ መታ ከአያቶቻችን ሲነገር ሰምተናል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ በኋላም በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በከተማዪቱ ብቻ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው መሞቱን ገልጸዋል። በዓለም ሁሉ የሞተው ሰው ቢያንስ 50 ሚሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። የበሽታውን መነሻ በውል የሚያውቅ ሐኪም ግን በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን አልነበረም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ሕዝባችንም ባለው አቅም ተከላከለ፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ የቆየ ልማድ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እጅግ ትንሽ ነው፤ 10 ሺህ ያህሉ ቢደረደር አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ውስጡ ስምንት ቁራጭ የዘር መልእክት አለ፤ ውጭውን ደግሞ ቀጭን የቅባት ሽፋን ለብሷል። ይህን ሽፋን ራሱ አልሠራውም፤ ቀድሞ ከታመመው ሕዋስ ሲወጣ ለብሶት የመጣ ነው። የእኛም ሕዋስ የተሸፈነው እንዲሁ ባለ የቅባት ሽፋን ነው።

ሁለቱም ቅባት ከሆኑ፣ እንደ ተነካኩ ወዲያው ለምን አይዋሐዱም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ በሁለቱም ሽፋኖች ላይ ውሃ ተጣብቆ ይኖራል። እጅግ ሲቀራረቡ ይህ ውሃ ይገፋፋቸዋል። ውሃውን አስለቅቆ፣ ሽፋኖቹንም አጥፎ አንድ ለማድረግ ኃይል ያስፈልጋል። ቫይረሱ ይህን ኃይል ከወዴት ያመጣል?

ኃይሉ የተከማቸው በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ በቆሙት ፕሮቲኖች ውስጥ ነው። ስማቸው ሄማግሉቲኒን ይባላል። እያንዳንዱ እሾህ ከሦስት አንድ ዓይነት ክፍሎች የተገመደ ሲሆን፣ ራስና ግንድ አለው። በራሱ በኩል በሕዋሳችን ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ የስኳር ዓይነት ይይዛል። በግንዱ ውስጥ ደግሞ ቅባት የሚወድ ትንሽ ጫፍ ተደብቆ ይገኛል። ጎንብሶ እንደ ታሰረ የወጥመድ ዘንግ ቁጠሩት፤ ኃይሉ በውስጡ አለ፣ የሚፈታው ግን ገና አልተነካም።

ወጥመዱ እንዲሠራ አስቀድሞ ፕሮቲኑ በአንድ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ቆራጩም የእኛው ኤንዛይም ነው። የተለመደውን የሰው ኢንፍሉዌንዛ የሚቆርጡት ኤንዛይሞች በተለይ በመተንፈሻ አካል ስለሚገኙ ቫይረሱ በአብዛኛው በዚያው ተወስኖ ይቀራል። አንዳንድ አደገኛ የዶሮ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶች ግን በመላው አካል በሚገኙ ኤንዛይሞች ስለሚቆረጡ የዶሮዋን ሰውነት ሁሉ ያዳርሳሉ።

ቫይረሱ ከሕዋሱ ገጽ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ሕዋሱ ራሱ እንደ ማናቸውም ከውጭ እንደሚቀበለው ነገር በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ከዚያም እንደ ልማዱ ከረጢቱን ያኮመጥጠዋል፤ የገባው ነገር እንዲፈጭ ነው። መኮምጠጡ ብዙ አይደለም፤ ከእርጎ እንኳ ለዘብ ያለ ነው። ቫይረሱ የሚጠብቀው ግን ይህንኑ ነበር። አሲዱ ሲደርስ የእሾሁ ራስ ይላቀቃል፤ ግንዱ ይስፈነጠራል፤ ተደብቆ የነበረውም ጫፍ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺኛ ያህል ተወርውሮ በከረጢቱ ሽፋን ውስጥ ይሰካል። አሁን ፕሮቲኑ በአንድ በኩል ቫይረሱን፣ በሌላው በኩል የሕዋሱን ሽፋን ይዟል። ከዚያ በኋላ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ ሁለቱንም ጎትቶ ያገናኛል። ጎን ለጎን ያሉ ጥቂት እሾሆች አንድ ላይ ሲስቡ በመጀመሪያ ውጫዊዎቹ የቅባት ገጾች ይዋሐዳሉ፤ ቀጥሎም ቀዳዳ ይከፈታል። በዚሁ ጊዜ ኤም ሁለት የተባለ ትንሽ ቦይ አሲዱን ወደ ቫይረሱ ውስጥ አስገብቶ ስምንቱን የዘር ቁራጮች ከእስራታቸው ፈትቷቸዋል። እነርሱም ወጥተው ወደ ሕዋሱ እንብርት ይጓዛሉ።

የዚህን ፕሮቲን የመጀመሪያ መልክ ኢያን ዊልሰን፣ ጆን ስኬልና ዶን ዋይሊ በ1981 እ.ኤ.አ. በኤክስ ሬይ ገልጸው አሳዩ፤ በአሲድ ከተለወጠ በኋላ ያለው መልኩም በ1994 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተለያዩ ፕሮቲኖች እስኪመስሉ ድረስ ይራራቃሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ሊያዝ የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ቫይረሱ በሩን ሰብሮ አይገባም። የሚቆርጥለት የእኛው ኤንዛይም ነው፤ ተሸክሞ የሚያስገባው የእኛው ሕዋስ ነው፤ ወጥመዱን የሚፈታው የእኛው አሲድ ነው። ነገር ግን ጥንካሬው ድካሙም ነው። ወጥመዱ የሚፈታው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና፣ የሚሰካበት ሽፋን በአጠገቡ ሳይኖር አሲድ ቢነካው ባዶ ሜዳ ላይ ይስፈነጠራል፤ ዳግመኛ አይታሰርም፤ ቫይረሱም ከንቱ ይሆናል።

ሳይንቲስቶችም ይህን ድካም ይዘዋል። በየጊዜው የሚለዋወጠው በተለይ የእሾሁ ራስ ስለሆነ ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ግንዱ ግን ሥራው ስለሚያስገድደው ብዙ አይለወጥም። በ2009 እ.ኤ.አ. ግንዱን ጠምደው ይዘው እንዳይስፈነጠር የሚያደርጉ የሰው ፀረ አካላት መኖራቸው ተገለጸ፤ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ክትባት ፍለጋም በዚሁ መንገድ እየተሞከረ ነው። የኤም ሁለትን ቦይ የሚዘጋው አማንታዲን የተባለው መድኃኒት ግን ቫይረሶቹ ስለ ተላመዱት ዛሬ አይመከርም። ይህ የሚያስተምረን ትግሉ በአንድ ግኝት እንደማያልቅ ነው።

እኛስ? ክትባቱ በሞላሌ ለሁሉ ሰው እስኪዳረስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የኅዳር ጢስ ቫይረሱን ከሳንባ አያስወጣም፤ እንዲያውም የሚያስለውን ሰው ያስጨንቀዋል። ይሁንና ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቀን ለጤና መነሣቱ ታላቅ ቅርስ ነው። ይህን ቅርስ ወደ ሳሙና እንምራው። ሳሙና ቅባትን ይፈታልና የቫይረሱን ሽፋን ይበታትነዋል፤ ሽፋኑ የፈረሰ ቫይረስ የሚያዋሕደው ነገር የለውም። ደግሞም ቤቱ ይናፈስ፤ የታመመ ሰው ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ራቅ ብሎ ይተኛ፤ ትንፋሽ ያጠረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን አንድ ቃል ልበል። ለዕረፍት ከዚህ ተነሥተን በተጨናነቀ አውቶቡስ ወደ ደጋው የምንወጣው እኛ ነን። እናቶቻችን ደጅ ወጥተው አንገታችንን አቅፈው ሲስሙን ከትምህርታችን ጋር ምን ይዘን እንደ መጣን አያውቁም። እያተኮሰው የሚሄድ ተማሪ ቢኖር መንገዱን ጥቂት ቀን ያቆይ። ይህም ካልሆነለት ፊቱን ሸፍኖ ይሂድ፤ ሲደርስም ከሩቅ እጅ ነሥቶ ምክንያቱን ያስረዳ። እማማ መጀመሪያ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ የወጥመዱን ነገር በቀላል አማርኛ ብናጫውታቸው ግን ይገባቸዋል። የተማርነውን ለእነርሱ በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ካልቻልን ትምህርቱ ለእኛም ገና አልገባንም ማለት ነው።