አሮጌውን የፓቺንኮ መኪና ስለ ማጽዳትና ስለ መጠበቅ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አንድ ዕቃ የአገልግሎቱ ዘመን ሲያልፍ ከሁለት ዕድሎች አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ ከጥራጊ ብረት ጋራ ይጣላል፥ ወይም የሠሪዎቹን ብልሃት ለሚመጣው ትውልድ የሚመሰክር ሆኖ ይቀመጣል። በጃፓን አገር ፓቺንኮ የሚባለው የመጫወቻ መኪና በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ያለ ሞተር፥ በእጅ ኃይል ብቻ ይሠራ ስለ ነበረው ስለ አሮጌው ዐይነት አጸዳድና አጠባበቅ ነው።

የፓቺንኮ መነሻ በ1920ዎቹ ዓመታት የነበረ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨዋታው ቆሞ፥ ከጦርነቱ በኋላ በናጎያ ከተማ እንደ ገና ተነሣ። ማሳሙራ ታኬኢቺ የተባለ የዚያው ከተማ ሰው የምስማሮቹን አደራደር በአዲስ ዘዴ ስላሰናዳው፥ ጨዋታው በመላው ጃፓን ተስፋፋ። በ1960 ቱሊፕ የተባለው፥ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ የብይ መቀበያ ተጨመረ። በ1980 ሳንኪዮ የተባለው ኩባንያ ፊቨር የተባለውን መኪና አወጣ፤ የኤሌክትሮኒክ ሥራም ቦታውን ሲይዝ የእጁ መኪና ከመጫወቻ አዳራሾች ጠፋ። ከአዳራሽ የወጡት ብዙዎቹ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ አሜሪካ ተልከው ለቤት መጫወቻነት ተሸጠዋል። ዛሬ ከየምድር ቤቱ አቧራ ለብሰው የሚወጡት እነዚያው ናቸው።

ይህን ስናገር ቁማርን ለማመስገን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በጃፓን ሕግ የመጫወቻው አዳራሽ በብር እንዳይከፍል የተከለከለ ቢሆንም፥ ያሸነፈው ሰው የተቀበለውን ሽልማት ከአዳራሹ ውጭ ወደ ገንዘብ ስለሚለውጥ፥ ጨዋታው የብዙ ሰው ኪስ ማራቆቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከተለየ በኋላ የሚቀረው የእጅ ጥበብ ነው፤ የኛም ጉዳይ ከእርሱ ጋራ ነው።

መኪናውን ከማጽዳት በፊት አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ፊቱ በኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈ፥ ሥዕል የታተመበት ስስ ሴሉሎይድ ሲሆን፥ ብዙ የነሐስ ምስማሮች ተተክለውበታል። ተጫዋቹ እጀታውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቀው፥ ሞላው አንዲት የብረት ብይ ወደ ላይ ይተኩሳል። የብዪቱ ውፍረት 11 ሚሊሜትር፥ ክብደትዋም 5 ግራም ተኩል ያህል ነው። ብዪቱ በምስማሮቹ መካከል እየተንከባለለች ወርዳ ከአሸናፊው ቀዳዳ ከገባች፥ ወደ ኋላ አልፋ በገዛ ክብደትዋ አንድ ማንሻ ትጫናለች። ማንሻውም በላይ ያለውን የብይ ማጠራቀሚያ በር ከፍቶ፥ ደወል እየደወለ 10 ወይም 15 ብዮች ቈጥሮ ይለቃል።

እንግዲህ የዚህ መኪና ሞተር የአንዲት ብይ ክብደት ነው ማለት ነው። አምስት ግራም ተኩል የሚያንቀሳቅሰውን ማንሻ ጥቂት እድፍ ያቆመዋል። ንጽሕናው ለጌጥ ሳይሆን ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አንደኛ፤ ምንም ብሎን ሳይፈታ መኪናው ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ይነሣ። ብዮቹ ሁሉ ይውጡ። ለመብራቱ የገባ አሮጌ ባትሪ ድንጋይ ካለ ወዲያው ይወገድ፤ ፈስሶ ብረቱን ይበላልና።

ሁለተኛ፤ አቧራው በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረግ። ፊቱ የሚጠረገው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ይሞከር። ውሃው በምስማሮቹ ሥር ከገባ ኮምፔርሳቶው ያብጣል። ቤንዚንና ኃይለኛ ማሟሚያ ሥዕሉን ያጠፋሉ፤ የብርጭቆ ወረቀትም ከቶ አይነካው። አሮጌ ሴሉሎይድ ፈጥኖ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ፥ በአጠገቡ ሲጋራ ማጤስ አይገባም።

ሦስተኛ፤ ምስማሮቹ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ፥ በጥቂት የነሐስ መወልወያ አንድ በአንድ ይወልወሉ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። መወልወያው ሥዕሉን እንዳይነካ፥ በምስማሩም ሥር ደርቆ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል።

አራተኛ፤ ብዮቹ በሳሙና ውሃ ታጥበው ወዲያው ይድረቁ። ዝገት የበላቸው መንገዱን ስለሚጭሩ በሌላ ይተኩ። የወደቁትን በማግኔት መልቀም አይገባም፤ ማግኔትነት የያዘች ብይ ከባልንጀራዋ ጋራ ተጣብቃ መንገድ ትዘጋለችና።

አምስተኛ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱበት የዘይት ነገር ነው። ብይ በሚሄድበት መንገድ ላይ ዘይት አይደረግም፤ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። ለመተኰሻው እጀታ መዞሪያ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጎ ትርፉን መጥረግ ይበቃል።

በመጨረሻ መኪናው በቱንቢ ተለክቶ፥ ወደ ኋላ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይቁም። ከዚያም ወደ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት ብይ በእጅ እየጨመሩ ከኋላ መመልከት ነው። እምቢ ያለ ማንሻ ቢገኝ ለማጉበጥ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቀረ እድፍ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደረስሁ። በጃፓን አዳራሾች ውስጥ ምስማሮቹን በትንሽ መዶሻ የሚያስተካክሉ ልዩ ባለሙያዎች ነበሩ። አንድ ምስማር በፀጉር ስፋት ቢያዘነብል የብዪቱ መንገድ ይለወጣል፤ የአዳራሹም ትርፍና ኪሳራ ከዚያ ላይ ነበረ። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ላይ ጐበጥ ብሎ የሚታየው ምስማር ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ስሙ ያልተጻፈ የአንድ ባለሙያ የእጅ ፊርማ ሊሆን ይችላል። ሁሉን አሰልፎ የሚያቃና ሰው መኪናውን ያሳምር ይሆናል፤ ነገር ግን ያንን ፊርማ ሰርዞታል። የሚቃናው የብዪቱን መንገድ ፈጽሞ የዘጋው ብቻ ነው፤ ሌላው እንደ ተገኘ ይቆይ።

ማጽዳትና ማደስ የተለያዩ ናቸው። እድፍ የዕቃው አይደለምና ይወገድ፤ የሥራ ምልክት ግን የታሪኩ ክፍል ነው። የተፋቀ ሥዕል አይመለስም፤ የሠሩትም እጆች በብዛት አልፈዋል። በቤቱ የቆየ የጽሕፈት መኪና ወይም የግድግዳ ሰዓት ያለው አድማጭም ይህንኑ ደንብ ቢይዝ ይጠቀምበታል፤ አስቀድሞ ማየት፥ ቀጥሎ ማጽዳት፥ ማቃናት ግን ከሁሉ በኋላ ነው።