አሮጊቷን ሲትሮን ከመንገድ ላለማስወጣት የተማርኩት
(በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን» ሲለኝ ስለ ተርባይን የማወራ መስሎት ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ላወራ ነው። እዚያ ጥግ ላይ የሚስቁት የክፍሌ ልጆች ያውቋታል። ሊዮን ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ከባቡር ጣቢያ የተቀበልኳቸው በእሷ ነው። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ከኋላዋ፣ ቀጥሎ ከፊቷ ብድግ ስትል፣ አንዳቸው «ይቺ ደግሞ ግመል ናት እንዴ?» አለኝ።

ግመሏ እ.ኤ.አ. የ1989 ሥሪት ሲትሮን ቢ ኤክስ ናት። በ1996 ስገዛት ተማሪ ነበርኩ፤ የገዛኋትም ርካሽ ስለነበረች እንጂ ወድጃት አይደለም። ለምን ርካሽ እንደሆነች የገባኝ ኋላ ነው።

ለማታውቋት ባጭሩ ላስረዳ። ይቺ መኪና ሞላም ባሌስትራም የላትም። በየጎማው በኩል አንድ አንድ የብረት ኳስ አለ። የኳሱ ውስጥ በስስ የጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል፤ ባንዱ ወገን ናይትሮጅን፣ በሌላው ወገን አረንጓዴ የማዕድን ዘይት አለ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ዘይቱ ጋዙን ይጨምቀዋል። ሞላው እንግዲህ ጋዙ ነው ማለት ነው። አምስተኛው ኳስ ሞተሩ አጠገብ ሆኖ፣ በቺንጊያ የሚዞረው ፓምፕ የገፋውን ዘይት ያጠራቅማል። ግፊቱ ወደ 170 ባር ይደርሳል። ጎማችን ውስጥ የምንሞላው አየር 2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡና አወዳድሩት። ይኸው ዘይት ፍሬኑንም ያሠራል። የኋላው ፍሬን ግፊቱን የሚወስደው ከኋላው ሞላ ስለሆነ፣ ጭነት ሲበዛ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይጠነክራል።

ይህን ያሰበው ፖል ማዤስ የሚባል ሰው ነው። በ1925 በ17 ዓመቱ ሲትሮን ገባ፤ የምህንድስና ዲግሪ አልነበረውም። ሥራው በ1954 በትራክሲዮን አቫን የኋላ ጎማዎች ላይ ተሞከረ፤ በ1955 ዲ ኤስ የተባለችው መኪና በአራቱም ጎማዋ፣ በፍሬኗና በመሪዋ ይዛው ወጣች። በ1962 ጄኔራል ደ ጎል ፓሪስ አጠገብ ጥይት ሲዘንብባቸው፣ ጎማዋ ተመትቶ እንኳ ይዛቸው ያመለጠችው ዲ ኤስ ናት። ዲግሪ ያልነበረው ሰው የሠራውን ዲግሪ ያለው ሰው እንዴት እንዳበላሸው ደግሞ አሁን ልናዘዝላችሁ።

በ1998 በብርዱ ወራት ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ዘይቱ ጎድሏል። ክዳኑ ላይ የትኛው ዘይት ብቻ እንደሚገባ በግልጽ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁም። ግን ቤት ውስጥ ተራ የፍሬን ዘይት ነበረኝ። «ፍሬን ዘይት ያው ፍሬን ዘይት ነው፤ እኔ ኢንጂነር አይደለሁ እንዴ?» ብዬ ጨመርኩበት። በኬሚስትሪ ሁለቱ አይገናኙም። የአንዱ ጎሚኒ በሌላው ውስጥ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይበላሻል።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልታየም። ከዚያ ከስሯ መንጠባጠብ ጀመረች፤ መብራቱም አንዳንዴ ይበራል፣ ይጠፋል። «ቅዳሜ አየዋለሁ» እያልኩ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ከክሯ ሩስ ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ምንም የለም። የሦስት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ትዘፍናለች። ያተረፈን የእጅ ፍሬኑ ነው፤ እሱ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ በገመድ ነው የሚሠራው። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እየፋቅን ቆምን። ልጄ ዘፈኗን አላቋረጠችም። እኔ ግን ከመሪው ላይ እጄን ለማንሳት ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ።

የተጎተተችበት ጋራዥ ባለቤት አዛውንት ነበሩ። እኔ «ሙሴ» እላቸዋለሁ። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱና፣ «ክዳኑን አላነበብክም?» አሉኝ። «አንብቤያለሁ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይተው፣ የመጀመሪያው እንዳልሆንኩ ነገሩኝ። የድሮዎቹ ዲ ኤሶች ቀይ ዘይት ነበራቸው፤ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ስለሚያዝግ በ1966 በአረንጓዴው መተካት ተጀመረ። ቀዩ መኪና ውስጥ አረንጓዴውን፣ አረንጓዴው ውስጥ ቀዩን የጨመረ ሁሉ እንደኔ ከስሯል።

የማስጠገኛ ገንዘብ አልነበረኝም። «እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ና፣ ራስህ ትሠራታለህ» አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ጎሚኒ ቀየርኩ። የተማርኩት ይኸው ነው።

አንደኛ፣ ማዳመጥ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የግፊት መቆጣጠሪያው «ጠቅ» ይላል። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ከሆነ ደህና ናት። በየሁለትና ሦስት ሰከንዱ ከሆነ ወይ ማጠራቀሚያው ኳስ ባዶ ነው፣ ወይ ዘይቱ የሆነ ቦታ ያመልጣል።

ሁለተኛ፣ ግፊቱን ሳይለቁ አንድም ቱቦ አለመፍታት።

ሦስተኛ፣ በራሷ ከፍታ ተማምኖ ከስሯ አለመግባት። ግፊቱ ሲለቅ መኪናዋ ትቀመጣለች። ሙሴ ካቫሌቶ ሳላደርግ እግሬን እንኳ አያስገቡኝም ነበር።

አራተኛ፣ ንጽሕና። እነዚያ ፒስተኖች ከመያዣቸው ጋር የሚገጥሙት በሚሊሜትር ሺኛ ክፍሎች ልክ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች።

አምስተኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ማጣሪያው ይታጠባል። ናይትሮጅኑ ደግሞ ብትነዷትም ባትነዷትም በስሱ ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። የማይነኩት ዕቃ አይበላሽም የሚባለው ስሕተት ነው።

መጨረሻ ላይ ደብተር ሰጡኝ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ምን እንደነካሁና ለምን እንደነካሁት ይጻፍበታል። «ስሕተትህንም ጻፍ» አሉኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የፍሬን ዘይቱ ታሪክ ነው።

ሙሴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ጋራዡም ተዘግቷል። ፋብሪካውም ይህን ሞላ መሥራት በ2017 ከሲ 5 ጋር አቁሟል። መኪናዋ ከ30 ዓመት ስላለፈች በፈረንሳይ ሕግ የታሪክ መኪና ሆና ተመዝግባለች። እዚህ የቦሎ ምርመራ እንደምንለው ያለው የቴክኒክ ምርመራዋ አሁን በየአምስት ዓመቱ ነው። ኳሱም ጎሚኒውም አሁንም ይገኛል፤ የብረት ቱቦ ሲዝግም በእጅ ይሠራል። እየጠፋ ያለው የሚያውቃት ሰው ነው። ስለዚህ ደብተሩን ለልጄ ሰጥቻታለሁ። ያቺ ከኋላ ስትዘፍን የነበረችው አሁን ኳስ ስትቀይር እኔ ካቫሌቶ አቀብላለሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ጠዋት ለፋኩልቲያችን ስለምንሰጠው ስጦታ ስንወያይ «አዲስ መሣሪያ እንግዛ» ተብሏል። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ግን ጓዶች፣ መሣሪያው ሲገዛ ፎቶ እንነሳለን፤ በአምስተኛው ዓመት ጎሚኒው ሲያልቅ የሚነሳ ፎቶ የለም። ስለዚህ ከምናዋጣው ከአሥር ብር ሦስቱ ለመለዋወጫና መሣሪያውን በኃላፊነት ለሚይዘው ቴክኒሺያን ሥልጠና ይሁን እላለሁ። መምህራኖቻችን ደግሞ ጥገናን ለተማሪው ነጥብ የሚያሰጥ ሥራ አድርጉልን። የተበላሸውን የፈታ፣ ለምን እንደተበላሸ የጻፈ ልጅ ማርክ ያግኝ። እኛ ሸበቶዎቹ፣ በወርክሾፑ ያሉትን ማሽኖች ጠባይ የምናስታውስ፣ ሳንረሳው ወይም ሳንሞት መጥተን ደብተር ላይ እናስፍረው። እኔ በየዓመቱ ከዕረፍቴ ሁለት ሳምንት ለዚህ እሰጣለሁ። ቃሌ በዚህ መጽሔት ታትሞ ይቀመጥ፤ ብቀር ጠይቁኝ።

ደብተሩን ከልጄ ተውሼ ይዤው መጥቻለሁ። ማየት የሚፈልግ በሻይ ሰዓት ይምጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ግን አትሳቁበት።